የዓይን ጠብታን ስለ መተው

በሮብ ገበያ አንድ አባት የግላኮማ ጠብታቸውን «ብርሃኔን አልመለሰልኝም» ብለው ሊተዉት ሲሉ አገኘናቸው። ዳሩ ግን ጠብታው የዓይንን ግፊት ዝቅ አድርጎ የቀረውን ብርሃን ይጠብቃል እንጂ የጠፋውን አይመልስም።

ከጠብታውም አብዛኛው በእንባ ታጥቦ ይወርዳልና ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ከመቶ 5 እጅ አይሞላም። አንጎልም እንዲሁ በደም ሥሮቹ ግድግዳ ብዙውን መድኃኒት ይከለክላል። ስለዚህ ሊቃውንት ናኖ በተባሉ፥ በሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ ክፍል በሚለኩ ቅንጣቶች መድኃኒትን ጭነው ለማሳለፍ ይመራመራሉ።

እስከዚያው ግን ጠብታው እንደ ገባ ዓይንን ከድኖ፥ በአፍንጫ በኩል ያለውን ማዕዘን 2 ደቂቃ ያህል በቀስታ መጫን ይጠቅማል። ደዌው በቤተ ሰብ ሊወረስ ስለሚችልም ልጆች ይመርመሩ፤ የጠብታውንም ሰዓት ለአባታቸው ያስታውሱ።