በዝምታ የምትሸጥ ላም

ላም ፅንስዋን ያለ ጊዜው ስትጥል የአገራችን ባላገር ምክንያት አያጣም። ሌላ ላም ወግታት ይሆናል፤ ቁልቁለት ስትወርድ ተንሸራትታ ይሆናል፤ ብርድ መትቷት፣ ያልለመደችውን ሣር ግጣ፣ ወይም ደግሞ ዓይኑ የከፋ መንገደኛ በበረቱ ደጅ ሲያልፍ «እንዴት ያለች ላም ናት!» ብሎ ይሆናል። ከነዚህ ምክንያቶች አንዳንዱ አልፎ አልፎ እውነት መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ሁሉም አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ይኸውም ጥፋቱን በዚያች በአንዲት ላምና በዚያች በአንዲት ቀን ላይ ጥለው፣ ከጎንዋ የቆሙትን ከብቶች ከነገሩ ውጭ ማድረጋቸው ነው። መጽሐፈ ኢዮብ በ21ኛው ምዕራፍ የኃጥኣንን ምቾት ሲዘረዝር ላማቸው የማትጨነግፍ መሆንዋን ከሀብታቸው ምልክት አንዱ አድርጎ ይቈጥረዋልና፣ የመጨንገፍ ሐዘን ከብት ለሚያረባ ሰው ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ሐዘኑ ከበረት ወደ በረት የሚሸጋገር መሆኑን ግን ዛሬም ብዙ ሰው አላስተዋለውም።

ይህን ሐዘን ስለሚያሸጋግረው፣ ብሩሴሎሲስ ስለሚባለው ደዌ ለመጻፍ ብዕሬን ያነሣሁት ከመጻሕፍት ባገኘሁት ዕውቀት ብቻ ተመርቼ አይደለም። ተማሪ ሳለሁ፣ የክረምቱን ዕረፍት በአጎቴ ቤት በማሳልፍበት በአንድ ዓመት፣ ቡሬ የምትባለው ላም የሰባት ወር ፅንስዋን ሌሊት በበረት ውስጥ ጥላ አደረች። እንግዴ ልጁ እስከ ረፋድ ድረስ አልወጣ ስላለ፣ የአጎቴ ሚስት እጅጌዋን ሰብስባ በባዶ እጅዋ ስባ አወጣችው፤ ከዚያም እጅዋን በአመድና በውሃ ታጥባ ወደ ሊጥዋ ተመለሰች። ፅንሱን የሚቀብረው ሰው ዶማ ሲፈልግ ውሻው ቀድሞ አፈፍ አድርጎ፣ በጎመኑ መደብ በኩል እየጎተተ ወደ ጎረቤት ግቢ ይዞት ሄደ። ልጆቹ ሣቁ፤ እኔም ሣቅሁ። በዚህ መካከል አንዲት እርጉዝ ጊደር ቡሬ የተኛችበትን እርጥብ ጭድ ረጋ ብላ ስትልስ ማየቴን ዛሬ ድረስ አስታውሳለሁ፤ በዚያ ሰዓት ግን ከነገሩ ሁሉ ዋናው ያ መላስ መሆኑን የነገረን አልነበረም። ጊደርዋ በበጋው ጨነገፈች።

የዚህ ደዌ ታሪክ በመጻሕፍት የተጀመረው በወታደር ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1887 ዓ.ም. ዴቪድ ብሩስ የተባለ የእንግሊዝ ጦር ሐኪም፣ በማልታ ደሴት እየተመላለሰ በሚነሣ ትኩሳት ከሞቱ ወታደሮች ጣፊያ ላይ አንድ ረቂቅ ተሐዋሲ አገኘ፤ የደዌውም ስም ከእርሱ ስም የተወሰደ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ በ1897 በርንሃርድ ባንግ የተባለ የዴንማርክ የከብት ሐኪም ላሞችን የሚያስጨነግፈውን ተሐዋሲ ለይቶ አወጣ። የማልታው ሊቅ ቴሚስቶክሊስ ዛሚት ደግሞ በ1905 ወታደሮቹን የሚያሳምማቸው የፍየል ወተት መሆኑን ገለጠ፤ በተከታዩም ዓመት የፍየል ወተት ከጦሩ ማዕድ ሲነሣ ትኩሳቱ ወዲያው ቀነሰ። እነዚህ ሁለት ተሐዋስያን፣ የማልታው የፍየልና የዴንማርኩ የላም፣ የቅርብ ዘመዳሞች መሆናቸውን በ1918 በጽሑፍ ያስታወቀችው አሊስ ኤቫንስ የተባለች አሜሪካዊት ናት፤ የዶክቶርነት ማዕርግ ስላልነበራት ታላላቆቹ ሊቃውንት ለብዙ ጊዜ አልተቀበሏትም፤ እርስዋ ግን ስትመራመርበት የነበረው ደዌ በራስዋ ላይ ገብቶ ለዓመታት አሠቃያት። ሊቃውንቱ ከዚህ በኋላ ካመኑት ዋጋው የተከፈለው በእርስዋ ሰውነት ነው ለማለት ያስደፍራል።

ወደ አገራችን ስንመለስ መጀመሪያ የምናገኘው ነገር አሳሳች የሆነ ቁጥር ነው። የምርመራው ሥራ ለዓይን ቀላል ነው፤ ከላሚቱ ደም የተለየውን ውሃ በነጭ ሰሌዳ ላይ ጠብ አድርገው፣ ሮዝ ቤንጋል ከሚባለው የጽጌረዳ መልክ ካለው መመርመሪያ አንድ ጠብታ ይጨምሩበትና 4 ደቂቃ ያህል ያወዛውዙታል፤ ደዌው ያልነካት እንደ ሆነች ቀለሙ ወጥ ሆኖ ይቀራል፤ የነካት እንደ ሆነች ግን እንደ ረጋ ወተት ይቋጠራል። የተቋጠረውም በሌላ ጠንካራ ምርመራ ይረጋገጣል። የከብት ሐኪሞቻችን በዚህ ዓይነት ባለፉት አርባና ሃምሳ ዓመታት ከብዙ አውራጃዎች ደም ሰብስበው የደረሱበት ውጤት፣ በደጋው ገበሬ እጅ ካሉት ከብቶች ከመቶ ከ1 እስከ 5 የሚሆኑት ደዌው እንደ ነካቸው ያሳያል። ሹም ይህን ሰምቶ «ከመቶ 3 ምን አላት?» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ከብቶቻችን ወደ 70 ሚሊዮን ይደርሳሉ ስለሚባል፣ በግምት እንኳ ብናሰላው ከመቶ 3 ማለት ከ2 ሚሊዮን በላይ ነው። ከዚህም የሚበልጥ ሌላ ነገር አለ። ከዓመታት በፊት በትግራይ በግጦሽ በሚረቡ ከብቶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከብት ለከብት ሲቈጠር ከመቶ 3 ገደማ ብቻ አግኝቶ፣ መንጋ ለመንጋ ሲቈጠር ግን ቢያንስ አንዲት የተነካች ከብት ያለበትን መንጋ ከመቶ ከ40 በላይ ሆኖ አገኘው። ላሚቱን ቈጥሮ ደስ የሚለው ሰው በረቱን ቈጥሮ ይደነግጣል ማለት ነው። እኔ እንደማስበው ስለዚህ ደዌ ሲነገር ሁለተኛው ቁጥር መቅደም ነበረበት፤ የሚታመመው መንጋው ነውና።

መንጋን ለዚህ አደጋ የሚያጋልጠው ነገር በየጥናቱ ተመላልሶ የሚገኝና ከሞላ ጐደል አንድ ዓይነት ነው። መንጋው በበዛ መጠን አንዲት የተነካች ከብት የመገኘትዋ ዕድልም፣ እርስዋ በጣለች ቀን ዙሪያዋን የሚከቡት አፍንጫዎች ብዛትም ይጨምራል። ዕድሜም ምክንያት ነው፤ ተሐዋሲው በእርጉዝ ላም ማኅፀን ውስጥ የሚገኝ ኤሪትሪቶል የሚባል ስኳር መሳይ ነገር ስለሚስማማው፣ ጥጃዪቱን እምብዛም ሳይነካ እስክትፀንስ ድረስ እንደሚጠብቃት ያህል ነው። ከተነካች እናት የተወለደች ጥጃም በምርመራ ንጹሕ መስላ አድጋ በመጀመሪያ ወሊድዋ ላይ ልትገለጥ ትችላለች። ላሞች ለብቻ የሚወልዱበት ስፍራ አለመኖሩ፣ እንግዴ ልጅ ለውሻ መጣሉ፣ በግና ፍየል ከላም ጋር በአንድ በረት ማደራቸው፣ የጋራ ግጦሽና የጋራ ውሃ፣ ሁሉም ይጠቀሳሉ። በቦረና፣ ድርቅ በመጣ ጊዜ ከሩቅ ለሩቅ የሚኖሩ መንጋዎች ሁሉ በጥልቆቹ የኤላ ጕድጓዶች ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ ከብቱ ከግመልና ከፍየል ጋር ተጋፍቶ ከአንድ ገንዳ ይጠጣል፤ የአርብቶ አደሩ ቁጥር ከደጋው ቁጥር ከፍ ብሎ መገኘቱም ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል። በከተሞቻችን ዳርቻ የፈረንጅ ላም የሚያረቡት ደግሞ፣ ከብቱን ከመስክ አውጥተው በጠባብ ጋጣ ስለሚያቆሙት ከመስኩ አደጋ ዳኑ ብንል፣ አንዲት የተነካች ላም ከገባች ግን የሚያመልጣት የለም። ተሐዋሲው በጠራራ ፀሐይ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል፤ በእርጥብ ጥላ ግን ለወራት ይቆያል፤ በድንግዝግዝ ጋጣ ውስጥ ያለውን ነገር አንባቢ ራሱ ያስበው።

ከነዚህ ሁሉ በላይ እኔ የምፈራው ግን ገበያውን ነው። ብዙ ጥናት መንጋቸውን በግዢ የሚጨምሩ ሰዎች ከሌሎች ይልቅ ለደዌው የተጋለጡ እንደ ሆኑ ያመለክታል፤ ምክንያቱን ለማወቅ ግን ጥናት ሳይሆን አንድ የቅዳሜ ገበያ በቂ ነው። ደዌው ከሌሎቹ ደዌዎች የሚለይበት አንድ ተንኰል አለው፤ ላሚቱ ብዙውን ጊዜ የምትጨነግፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ኮርማ ትቀበላለች፤ ትፀንሳለች፤ ቀኑን ጠብቃ ትወልዳለች፤ ባለቤቱም «ዳነች» ይላል፤ ዳሩ ግን በወለደች ቍጥር ከማኅፀንዋ በሚወጣው ፈሳሽና በወተትዋ ውስጥ ተሐዋሲውን ትዘራለች። በክፉ ቀን ዘመን ከብቶቻችንን የጨረሰው ደስታ የሚባለው ደዌ፣ በሬውን ከቀንበሩ ሥር እየጣለ ራሱን ለሁሉ ያስታወቀ ጠላት ስለ ነበረ፣ ዓለም በአንድነት ዘምቶበት በኛ አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. ከምድር ገጽ መጥፋቱ ታወጀ፤ ይኸኛው ግን አይገድልም፤ ዝም ብሎ በደላላ እጅ ይሸጋገራል።

ቡሬም እንዲሁ ዳነች ተባለች። በሁለተኛው ክረምት ወደ አጎቴ ቤት ስመለስ ሆድዋ ገፍቶ አገኘኋት፤ አጎቴ ግን ጊደርዋ ከጨነገፈች ወዲህ በልቡ አንድ ነገር ስለ ጠረጠረ፣ «እግርዋ አላማረኝም» አለና ለገበያ ቈረጣት። ገመድዋን ይዤ የነዳኋት እኔ ነበርሁ። ገዢው ጨዋ ሰው ነበር፤ አፍዋን ከፍቶ ጥርስዋን ቈጠረ፤ ጡትዋን ዳበሰ፤ ስንተኛ ወሊድዋ እንደ ሆነ፣ ስትታለብ ትራገጥ እንደ ሆነ፣ ቀንድዋ ክፉ እንደ ሆነ፣ በየተራ ጠየቀ። አጎቴ ለተጠየቀው ሁሉ እውነቱን መለሰ። ጨንግፋ ታውቅ እንደ ሆነ ግን አልተጠየቀም፤ እርሱም አልተናገረም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ እኔም መሬት መሬቱን አየሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የከብቱን በሽታ የሚደብቅ ሰው ግን መድኃኒት ማጣቱን ለሌላ ሰው አሳልፎ ይሰጣል።

ደዌው በከብት ላይ ብቻ ቢቆም ኖሮ ነገሩ የኪሣራ ጕዳይ በሆነ ነበር። ወተት ሳይፈላ የሚጠጣ፣ ላም የሚያዋልድ፣ ከብት የሚያርድ ሰው ሁሉ ግን ለደዌው የተጋለጠ ነው፤ ትኩሳቱ ይመጣል ይሄዳል፤ ሌሊት በላብ ያጠምቃል፤ ወገብና መገጣጠሚያ ይቈረጥማል፤ ታማሚውም አንድ ጊዜ ወባ፣ አንድ ጊዜ ታይፎይድ እየተባለ የማይመለከተውን መድኃኒት ሲውጥ ይከርማል። እውነተኛው ሕክምና ሁለት ዓይነት መድኃኒት ቢያንስ ለ6 ሳምንት ሳያቋርጡ መውሰድ ነው። የአጎቴ ሚስት በዚያ ዓመት ለወራት ታማ ነበር፤ የመረመራት ስላልነበረ ይህ ደዌ ነበረ ብዬ ለመፍረድ አልደፍርም። ቅሉ በወይራ ጭስ ታጥኗልና ወተቱ ንጹሕ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ መዓዛውን እኔም እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ጭሱም የእርጎው ኮምጣጣነትም ለዚህ ደዌ መተማመኛ አይሆኑም፤ መተማመኛው እሳት ነው። በፋሲካ ዕለት ጾሙን በትኩስ ጥሬ ወተት የሚፈታ ሰው፣ ሃምሳ አምስት ቀን የታገሠ ሆዱን ወተቱ አንድ ጊዜ እስኪፈላ ቢያስታግሠው ከጸጋው የሚጎድልበት ነገር የለም።

መፍትሔው በዓለም የታወቀ ነው፤ ጊደሮች ከ3 እስከ 8 ወር ዕድሜ ሳሉ መከተብ፣ መንጋውን መመርመር፣ የተነካችውን ለይቶ ማረድ። በኛ አገር ለላሞች የዚህ ክትባት ልማድ ገና አልገባም፤ ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል፤ አንዲት ጥገት ያለችውን እናት ላምሽ በምርመራ ተቋጥሮባታልና ትታረድ ብሎ መፍረድ፣ ዋጋዋን ሳይከፍሉ ከሆነ ፍርድ ሳይሆን ቅሚያ ነው። አሜሪካኖች በአውሮፓ አቈጣጠር በ1934 ሥራውን የጀመሩት ድርቅ ያስጨነቃቸውን ከብት አርቢዎች የከብታቸውን ዋጋ እየከፈሉ ነው፤ አውስትራሊያም ከ1970 ጀምራ እስከ 1989 ደክማ ነው ከደዌው ነጻ መሆንዋን ያወጀችው። የኛ መንግሥት ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ያድርግ አልልም፤ ቢያንስ ግን በትልልቆቹ የወተት ከተሞች ዙሪያ ከሚሸጡት ላሞች ደም ይወሰድ፤ ለምትታረደውም ካሳ ይመደብ እላለሁ፤ ካሳ በሌለበት ሰው እውነቱን እንዲናገር መጠበቅ፣ እኔና አጎቴ በዚያች ቅዳሜ ያልቻልነውን ከሌላው መጠበቅ ነው።

እስከዚያው ድረስ ላም የምትገዛ ወዳጄ ሆይ፣ ጥርስዋን ከቈጠርህ በኋላ ጨንግፋ ታውቅ እንደ ሆነ ሻጩን ዓይን ዓይኑን እያየህ ጠይቀው፤ ደምዋም ሳይመረመር ከላሞችህ ጋር አታገናኛት። ቡሬን የገዛት ሰው ገመድዋን ከእጄ ሲቀበል፣ በቤቱ ሌሎች ሁለት እርጉዝ ላሞች እንዳሉትና ሦስቱም እስከ መስቀል እንደሚወልዱለት በደስታ ነገረን።