ሰዋስው በምጣድ ዳር

የእንግሊዝኛ ሰዋስው ለምን አልገባ አለን? የሚለው ጥያቄ ከመኝታ ቤት እስከ ምግብ አዳራሽ ይሰማል። አንዳንዶች «ልምምዱ ይቅርና ዝም ብለን እናውራ» ይላሉ። እኔ በበኩሌ በዚህ አልስማማም። ልምምዱ ይኑር፤ ግን ስለ ምን ይሁን?

እስቲ እንጀራን እንውሰድ። ጤፉ ይነፋል፣ ይፈጫል፣ በእርሾ ይቦካል፣ አብሲት ይጣልበታል፣ ይጋገራል። አማርኛው ተደራጊነትን በግሡ ውስጥ ሸሽጎ ይዞታል። እንግሊዝኛው ግን ረዳት ግሥ አስቀድሞ የግሡን ሦስተኛ መልክ ያስከትላል፦ «ኢዝ ግራውንድ»፣ «ኢዝ ቤክድ»። ታዲያ ዓይን ሲያወጣስ? እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን «ዘ አይስ አር አፒርድ» ብለን የምንወድቀው። ዓይኑን የሚያወጣለት ሰው የለም፣ ራሱ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ «ዘ አይስ አፒር» ይበቃል። እናቱ ስትጋግር አጠገቧ የተቀመጠ ልጅ ይህን ልዩነት ከሰሌዳው ሕግ ቀድሞ ያየዋል። (እንጀራን «ፓንኬክ» የምትሉ ግን እባካችሁ ተዉ፤ ስሙ እንጀራ ነው፣ በእንግሊዝኛም።)

ነገ የምንመደብበት የገጠር ተማሪ ስለ ቶስትና ማርማላታ ዓረፍተ ነገር ሥራ ሲባል ምግቡም ቋንቋውም ባዳ ይሆኑበታል። ዝም ይላል፤ እኛም «ሰነፍ» እንለዋለን።

መምህራኖቻችን ሆይ፣ በሚቀጥለው የማስተማር ልምምድ ቢያንስ አንዱን ክፍለ ጊዜ በዚህ መንገድ እንድናዘጋጅ ፍቀዱልን። ከእንጀራ ይልቅ ጠላ ጠመቃን የሚመርጥ ሠልጣኝ ካለ ደግሞ ከክፍል ኃላፊው ጋር ይነጋገር።