የአያቶቻችን ጣሳ ስንት ግራም ነው?

እኛ በእስራኤል የተወለድን ልጆች የሰንበት ዳቦ መብላት እንወዳለን። መጋገር የምንችለው ግን ጥቂቶች ነን። አያቶቻችንን «ስንት ዱቄት ይገባል?» ብለን ስንጠይቃቸው፣ «አምስት ጣሳ፣ ከዚያ አንድ እፍኝ ጨምሪበት፣ ሲበቃው ሊጡን አይተሽ ታውቂዋለሽ» ይሉናል። አንዳንድ ልጆች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። አያቶቻችን መለካት አያውቁም ብለው ያስባሉ። እኛ በዚህ አንስማማም።

በዕብራይስጥ የተጻፈው የኬክ አሠራርም «ሁለት ኮስ ዱቄት» ነው የሚለው። የትኛው ኮስ? የመለኪያው ኩባያ 240 ሚሊ ሊትር ይይዛል፣ ጠጥተን የምንጥለው ኩባያ ግን ከዚያ ያንሳል። ኩባያው አንድ ቢሆንም እንኳ አሞላሉ ይለያያል። የተነፋ ዱቄት ቀስ ብለን ብንሞላበት ወደ 120 ግራም ይመዝናል፤ ከከረጢቱ ጠቅጥቀን ብንዝቅ 150 ግራም ሊደርስ ይችላል። ለስምንት ኩባያ ልዩነቱ 240 ግራም ነው። ይህ ሁለት ኩባያ የተነፋ ዱቄት ማለት ነው! ዳቦው ቢደርቅ ምን ይገርማል? ስለዚህ ችግሩ የጣሳው አይደለም። ዱቄት እንደ ውሃ አይደለም፣ ይጠቀጠቃል። ሚዛን ላይ ግን ቢነፋም ቢጠቀጠቅም 100 ግራም ያው 100 ግራም ነው።

ወደ ግራም መቀየር ባህልን መተው ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን አይመስለንም። ከሊጥ ለእግዚአብሔር መለየት በኦሪት ዘኁልቁ ምዕራፍ 15 ታዟል። ይህ የሚያስፈልገውን የዱቄት መጠን የጥንት ሊቃውንት የለኩት በስፍር ነበር፣ 43 እንቁላልና የአንድ እንቁላል አንድ አምስተኛ በሚይዝ ቦታ። ዛሬ በእስራኤል ብዙ ሴቶች የሚያውቁት ግን በክብደት ነው፤ ብዙዎቹ ከ1,666 ግራም ዱቄት ጀምሮ ባርከው ይለያሉ። መለኪያው ተቀየረ፣ ትእዛዙ ግን አልጠፋም።

እንግዲህ ሐሳባችን ይህ ነው። አያቶቻችንን «በሚዛን ሥሩ» አንበላቸው። በራሳቸው ጣሳ፣ እንደ ልማዳቸው ይሙሉ። እኛ ባዶውን ሳህን ሚዛኑ ላይ አስቀምጠን ዜሮ እናድርገውና ዱቄቱን እንገልብጥበት። ሦስት ጊዜ መዝነን አማካዩን እንጻፍ። እፍኛቸውንም እንመዝን፣ የእነሱ እጅና የእኛ እጅ እኩል አይደለምና። የዱቄቱንም ዓይነት እንጻፍ። በጎንደር መንደሮች ከነቆዳው የተፈጨ ስንዴ ብዙ ውሃ ይጠጣል፤ ከሱቅ የምንገዛው ነጭ ዱቄት ያን ያህል አይጠጣም።

እውነት ነው፣ ሚዛን ሁሉን አይነግረንም። ሊጡ መለስለሱን የሚያውቀው እጅ ነው። ይህን ለመማር አብሮ ማቡካት ያስፈልጋል። ግራሙ ግን መነሻ ይሆነናል።

ወላጆቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። አያቶቻችን እያረጁ ነው። ነገ ጣሳው በእጃችን ቢቀር እንኳ እንዴት ይሞላ እንደነበረ ማን ይነግረናል? ስለዚህ ጓደኞቻችን፣ አያቶቻችሁ ለሰንበት ሲያቦኩ ሚዛንና እርሳስ ይዛችሁ ከጎናቸው ቁሙ።