በሃያዎቹ ተበድሮ በሃምሳዎቹ መክፈል

እኔ ደህና ነኝ። ማለቴ… ደህና ነኝ ብዬ ነበር። የዛሬው ጨዋታችንም ስለዚሁ "ደህና ነኝ" ስለምንለው ነገር ነው። ስለ ሆዳችንና ስለ ዕድሜያችን፣ ሁለቱ ሳይመካከሩ ሲቀሩም ስለሚመጣው ጣጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ነርሶች መሥሪያ ቤታችን ድረስ መጥተው የደም ግፊት በነጻ ይለኩ ነበር። ነጻ የተባለ ነገር መቼ ያልፈናል! ተሰለፍን። ከፊቴ የነበሩት ጡረታ የደረሱ የሒሳብ ሠራተኛ ተለክተው "ደህና ነዎት" ተብለው ሄዱ። እኔ የ29 ዓመቱ ጎረምሳ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ የምራገጠው፣ ቦርጭ እንኳ ያላወጣሁት፣ እየሳቅኩ ክንዴን ሰጠሁ። ነርሷ ለካችና ዝም አለች። "እስቲ ትንሽ አረፍ በልና እንደገና" አለችኝ። እንደገና ለካች። 148 በ96።

"መለኪያው ተበላሽቶ እንዳይሆን?" አልኳት።

"መለኪያውስ ደህና ነው" አለች። "አንተ ግን ምንድን ነው የምትበላው?"

በአንድ ቀን ልኬት እንደማይፈረድ ነግራኝ ሐኪም ዘንድ ሂድ አለችኝ። በተለያየ ቀን ሁለት ጊዜ ተለካሁ፤ ያው ነው። ከ140 በ90 በላይ ሆኖ ከተደጋገመ ግፊት ይባላል። ራሴን አላመመኝም፣ አላዞረኝም። ለካስ የግፊት ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም።

ሐኪሙ ደሜንና ሽንቴን አስመርምረው ኩላሊቴ ደህና መሆኑን ካዩ በኋላ "የአንድ ሳምንት ምግብህን ጽፈህ አምጣ" አሉኝ። ጻፍኩ። ስጽፈው እኔው አፈርኩ። ጠዋት ቁርስ የለም፤ ማኪያቶ በስኳርና አንድ ቦምቦሊኖ። ምሳ ፍርፍር ከለስላሳ ጋር። 10 ሰዓት ላይ ሁለት ሳምቡሳ። ማታ ሰፈር ስደርስ ቆሜ አንድ እርጥብ። ቤት ስገባ ደግሞ እማዬ ያስቀመጠችልኝ ወጥ። ዓርብ ማታ ጥብስ በሚጥሚጣና ቢራ። "አትክልትስ?" አሉኝ። "እርጥቡ ውስጥ ድንች አለ" ብል ሳቁብኝ።

እስቲ አብረን እንቁጠረው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ትልቅ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይበቃዋል ይላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፣ ያውም ከሁሉም ምግብ ተደምሮ። እኛ ግን በርበሬው ሲፈጭ ጨው ይገባበታል። ሽሮው ሲዘጋጅ ይጨመርበታል። ወጡ ሲወጣ ይቀመስና "ጨው አነሰው" ይባላል። ገበታ ላይ ደግሞ ሚጥሚጣው ይመጣል፤ እሱም ጨው አለበት። ዳቦውም አለበት። ለስላሳውን ያያችሁት እንደሆነ ባለ 300 ሚሊ ሊትሩ አንድ ጠርሙስ ከ30 ግራም ያላነሰ ስኳር አለው። ወደ ስምንት የሻይ ማንኪያ ይጠጋል! ሻይ ላይ ስምንት ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው ብናይ "አበደ እንዴ?" እንል ነበር። ስለቀዘቀዘ ነው መሰል ለስላሳው ላይ ማንም ምንም አይል።

የዚያን ዕለት ማታ ወሬውን ቤት ይዤ ገባሁ። አባባ ሶፋው ላይ ነበር። አባባን ላስተዋውቃችሁ፤ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። "ነበር" ያልኩት ስኳር በሽታው ዓይኑን አድክሞበት መሪውን ስለተወ ነው። ዕድሜው ገና 58 ነው። ወረቀቱን አላነበበውም፣ እኔ አነበብኩለት። ቆየት ብሎ እንዲህ አለኝ፦

"ልጄ፣ በ1988 ዓ.ም. አሰብ መስመር ላይ ሳለሁ ልክ እንዳንተ 29 ዓመቴ ነበር። ሌሊት ስንቆም ጥብስ፣ ላዩ ላይ ለስላሳ፣ ከዚያ ተመልሶ መሪ ላይ መቀመጥ። ድንጋይ ብበላም የሚፈጭልኝ ይመስለኝ ነበር። ሐኪም ቤት የሄድኩት ሃምሳን ካለፍኩ በኋላ ነው። የበላሁት ያኔ ነው፣ የምከፍለው አሁን ነው።"

ወዳጆቼ፣ "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" የሚባለው ይኼ አይደል? በሃያዎቹ ዕድሜ ሰውነታችን ቅሬታ አያሰማም። ጨውንም፣ ጮማንም፣ ቁርስ መዝለልንም ዝም ብሎ ይመዘግባል። ሒሳቡን የሚያመጣው በኋላ ነው። አንዳንዴም፣ እንደኔ፣ ቀደም ብሎ።

ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ መሶባችንን ዙሪያ የምንቀመጠውን ሰዎች በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። አምስት ዕድሜ፣ አንድ ወጥ! እማዬ ለሁሉም እኩል ታወጣለች፤ ፍቅር ነዋ። ግን አንድ መሶብ ማለት አንድ ልክ ማለት አይደለም። ሐኪሙን እየጠየቅኩ የተማርኩትን በየዕድሜው ላውጋችሁ፤ የእናንተም ቤት ከእኛ ብዙ የሚለይ አይመስለኝም።

ከትንሹ እንጀምር። የወንድሜ ልጅ 14 ወሩ ነው። በሁዳዴ ክብደቱ አልጨምር አለ፤ የክትትል ካርዱ ላይ ያለው መስመር ተኛ። ምክንያቱ ረሃብ አልነበረም፣ ሲበላ ነው የሚውለው። ግን የሚበላው ውሃ የመሰለ አጥሚት ነው። የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው፤ በቀጭን አጥሚት ከሞላ ለጠንካራ ምግብ ቦታ አይኖረውም። እንቁላሉስ? "ጾም ነው፣ ድስቱን ያስነካብናል" ተብሎ ቀርቷል። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከ7 ዓመት በታች ያለውን ልጅ ጹም ብላ አታስገድድም! መፍትሔው የ14 ወሩ ጌታ የራሱ ትንሽ ድስት እንዲገዛለት ሆነ። አሁን ከማንኪያ ላይ የማይፈስ ወፈር ያለ ገንፎ፣ የሽምብራ ዱቄት የገባበት፣ ዘይት ጠብ የተደረገበት፣ እንቁላልም አለው፤ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይበላል፣ በመሐሉም መክሰስ አለው፣ ጡቱንም አልተወም። መስመሩ ቀና ብሏል።

ይኼ ነገር ቀላል አይምሰላችሁ። ከእርግዝና ጀምሮ እስከ ሁለተኛው ልደት ያሉት ወደ 1,000 የሚጠጉ ቀናት የቁመትም የአእምሮም መሠረት ናቸው። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ከ6 ወር በኋላ ተጨማሪ ምግብ፣ ጡቱ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ። በአገራችን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉት ልጆች 58 በመቶው ለዕድሜያቸው ቁመታቸው አጥሮ ነበር። በ2019 ወደ 37 በመቶ ወርዷል። ተመስገን ነው፤ ግን ከመቶ 37 ልጅ ጥቂት አይደለም።

ወደ እህቴ እንምጣ። 16 ዓመቷ ነው። "ወፈርኩ" ብላ ቁርስ ካቆመች ሰነበተች። ምሳ ዕቃዋ እንደሄደ ይመለሳል። ከቀመሰችም ወዲያው በላዩ ላይ ሻይ። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ዓይኗን ጨለም አድርጎ ጣላት። ስትመረመር የደም ማነስ ተገኘባት። በዚህ ዕድሜ ሴት ልጅ ከወንዱ የበለጠ ብረት የተባለው ንጥረ ነገር ያስፈልጋታል፤ እሷ በቀን 15 ሚሊ ግራም፣ እሱ 11። የወር አበባ ስላለ ነው። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከተጠጡ ከእህልና ከአትክልት የምናገኘውን ብረት ሰውነታችን እንዳይወስደው ያደርጋሉ። ስለዚህ ምስር፣ ጎመን፣ ሲገኝም ሥጋ ትበላ፣ ጎን ለጎን ቲማቲም ወይም ብርቱካን ይኑር፣ ሻዩ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። አጥንትም የሚጠነክረው በብዛት በዚሁ በጉርምስና ዘመን ነው። የዚያን ጊዜ ያላጠራቀመች ልጅ በእርጅናዋ ከየት ታመጣለች? እህቴን ስለ መወፈር መስበኩን ትተነው "ቁርስ አብረን እንብላ" አልናት። እኔም ቁርስ የማልበላ ስለነበርኩ ሁለታችንም ተያዝን ማለት ነው!

የአባባ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ሃምሳዎቹ ውስጥ ሲገባ ጡንቻ እየቀነሰ ይሄዳል፣ እንቅስቃሴም ያንሳል፤ የሚበላው ግን የ30 ዓመቱን ያህል ነው። አባባ በአንድ ማዕድ ሦስት እንጀራ ይጨርስ ነበር። "የጤፍ ነው፣ ጤፍ ስኳር የለውም" ይላል። ውሸት! ጤፍ ብዙ መልካም ነገር አለው፣ ግን እሱም ሆድ ውስጥ ሲገባ ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ዋናው መጠኑ ነው። "ማር የተፈጥሮ ነው፣ ምንም አያደርግም" የምትለዋም ያው ናት። አሁን የአባባ ሰሐን ግማሹ ጎመን፣ ፎሶሊያና ሰላጣ ነው፣ ሩቡ ምስር ወይም ሥጋ፣ ሩቡ እንጀራ። መድኃኒቱን ግን አላቆመም። ምግብ አስተካከልኩ ብላችሁ መድኃኒት በራሳችሁ እንዳታቆሙ፤ አደራ!

በመጨረሻ አያቴ። 80 ሊደፍኑ ነው። እዚህ ጋ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ለአባባ "ይቀነስ" ስንል ለእሳቸው "ይጨመር" ነው። ጥርስ የለም፣ የምግብ ፍላጎት ደክሟል፣ ውሃ ጥምም በዕድሜ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሳይጠማቸውም መጠጣት አለባቸው። በሻይና በቆሎ የሚውሉ ሽማግሌ ጡንቻቸው ይሟሽሻል፣ ከዚያ አንድ ቀን መውደቅ ይመጣል። ለስለስ ያለ ምስር፣ እርጎ፣ እንቁላል፣ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ መስጠት ነው። "ጾሙስ?" ትሉኝ ይሆናል። እማዬ ብልህ ናት፣ ለንስሐ አባታቸው ነገረች። እሳቸውም መጥተው "እማማ፣ እርስዎ ጠዋት ትንሽ ይቅመሱ፣ እግዚአብሔር ጾሙን ይቆጥርልዎታል" አሏቸው። እኛ ለአንድ ዓመት የለመንነው በአንድ ቃል አለቀ! አንድ ነገር ልጨምር፤ አያቴ ብቻቸውን ከተቀመጡ አይበሉም። አጠገባቸው ሰው ከተቀመጠ ይበላሉ። ይኼ መድኃኒት ደግሞ ዋጋ አያስከፍልም።

እንግዲህ ከሁሉ የከበደችን እማዬ ነበረች። ጨው ይቀነስ ስንላት "ወጤ አልጣመህም ማለት ነው?" ብላ አኮረፈች። ሠላሳ ዓመት ያመሰገንነውን እጅ በአንድ ቀን እንዴት ይነቀፋል? የተስማማነው እንዲህ ነው። አዲሱ በርበሬ ሲፈጭ ጨው አልገባበትም፤ ጨዋ በእጇ ብቻ ሆነ። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉና ኮረሪማው ጨመር አለ። የመጀመሪያው ሳምንት ምግቡ አልጫ አልጫ አለን። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ማንም አላስታወሰውም። አንድ ቀን ውጭ ጥብስ ስበላ ግን "ይኼ ምንድን ነው፣ ባሕር ነው እንዴ?" አልኩ። ምላስም ይማራል ለካ!

እኔስ? ለስላሳውን ለበዓል ብቻ አደረግኩት። እርጥቧን አልካድኳትም፣ በሳምንት አንዴ እንገናኛለን። ቢራው ቀነሰ። ከሥራ መልስ ሁለት የታክሲ ፌርማታ በእግሬ እሄዳለሁ። ሐኪሙ "ሦስት ወር እንይህ፣ ካልወረደ መድኃኒት ትጀምራለህ" ብለውኝ ነበር። ባለፈው ስለካ 134 በ86። "ገና ነህ፣ ግን እየወረደልህ ነው፤ ክትትሉን እንዳታቋርጥ" አሉኝ። መድኃኒት የሚያስፈልገው ሰው መድኃኒቱን መውሰድ ነውር የለበትም። ነውሩ ሳይለኩ መኖር ነው።

የዚያን ቀን ቤት ገብቼ ቁጥሩን ለአባባ ነገርኩት። ምንም አላለም። ራት ሲቀርብ ግን ጎመን በምስር ጠቅልሎ፣ አፌ የት እንዳለ በእጁ እየፈለገ አጎረሰኝ። ስቄ ዋጥኩት፤ ጨው አልጎደለውም።

ስለዚህ እናንተ በሃያዎቹ ያላችሁ ሆይ፣ አንድ ነገር ብቻ ላስቸግራችሁ። በዚህ ሳምንት አጠገባችሁ ባለ ጤና ጣቢያ ወይም ክሊኒክ ገብታችሁ ግፊታችሁን ተለኩ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ብድራችሁ ስንት እንደደረሰ ገና በጊዜ እወቁ።

እስከ ሳምንት ቸር እንሰንብት!