ዲስኩ «ሞተ» ከማለታችን በፊት

እንደሚታወቀው የመምህር ሥራ ዛሬ በጠመኔና በጥቁር ሰሌዳ ብቻ የሚያልቅ አይደለም። ዓመታዊው ዕቅድ፣ የፈተናው ጥያቄ፣ የተማሪው ማርክ፣ ሮስተሩ ሳይቀር ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቷል። ኮምፒዩተር ውስጥ ሲባል ግን በትክክል የት እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። በአዳዲሶቹ ኮምፒዩተሮች ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው ከመዳፍ በማይበልጥ፣ አንዳንዴም እንደ ማስቲካ በቀጠነ ኤስ ኤስ ዲ በሚባል ዲስክ ላይ ነው።

ለመሆኑ ኤስ ኤስ ዲ ምንድን ነው? እንደ ድሮው ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሳህን የለውም። ጽሑፋችንን የሚይዙት ቺፖች ናቸው። ከቺፖቹ አጠገብ ኮንትሮለር የሚባል ራሱን የቻለ ትንሽ አንጎል አለ። ኮንትሮለሩ የትኛው ፋይል የትኛው ቺፕ ላይ እንዳረፈ፣ የትኛው ቦታ እንደደከመ የሚከታተለው ፈርምዌር በሚባል የውስጥ መመሪያ እየተመራ ነው። መመሪያውን የሚጽፈው አምራቹ ኩባንያ ነው፤ ስሕተት ሲያገኝበትም አርሞ አዲስ ያወጣል። አዲሱን በአሮጌው ቦታ መተካት ነው እንግዲህ «አፕዴት» የሚባለው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አፕዴቱ መሐል መንገድ ላይ ሲሰናከል ምን መደረግ እንዳለበትና በተለይም ምን መደረግ እንደሌለበት ያለኝን አስተያየት ማቅረብ ነው።

በዚህ ጉዳይ በመካከላችን ሁለት ዓይነት አስተሳሰብ አለ። አንደኛው ወገን «የሚሠራን ነገር አትንካ» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ አዲስ ነገር ወጣ ሲባል ሳያድር ካልጫነ እንቅልፍ አይወስደውም። እኔ ሁለቱም ተሳስተዋል ባይ ነኝ። ዝም ብዬ አይደለም፤ ምክንያት አለኝ።

የችኩሎቹን ነገር እናስቀድም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2009 ኢንቴል ኤክስ25-ኤም ለተባለው ዲስኩ አዲስ ፈርምዌር አወጣ። ጥቅሙ ትሪም የተባለ ችሎታ መጨመር ነበር፤ ይኸውም ዲስኩ የተሰረዘ ፋይል ይዞት የነበረውን ቦታ አስቀድሞ እንዲያጸዳ ማድረግ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ቸኩለው ከጫኑት የዊንዶውስ 7 ተጠቃሚዎች አንዳንዶቹ ኮምፒዩተራቸው አልነሳ አላቸው። ኩባንያው ፈርምዌሩን ከገጹ አነሣና ቆየት ብሎ የታረመ ሌላ አወጣ። ጥቂት ሳምንት የታገሠ ሰው ምንም አልቀረበትም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው።

እሺ፣ ታዲያ አለመንካት ይሻላል? አይሻልም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 ሂውሌት ፓካርድ ኢንተርፕራይዝ አንዳንድ የሰርቨር ኤስ ኤስ ዲዎቹ በድምሩ 32,768 ሰዓት እንደሠሩ ቀጥ ብለው እንደሚቆሙ አስታወቀ። ይህ 3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት ነው። የሂሳብ ተማሪዎች ልብ በሉ፤ 2ን 15 ጊዜ ብታባዙት የሚመጣው ይኸው 32,768 ነው። ዲስኩ አንዴ ከቆመ በኋላ እሱም ሆነ በውስጡ ያለው መረጃ እንደማይመለስ ኩባንያው በግልጽ ጻፈ። መድኃኒቱ ሰዓቱ ሳይሞላ የታረመውን ፈርምዌር መጫን ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ደግሞ በሌሎች ሞዴሎች ላይ ተመሳሳይ ችግር በ40,000 ሰዓት እንደሚደርስ ተነገረ። «አትንካ» ያለ ሰው በዚያን ጊዜ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። ከዚህም የባሰው፣ በአንድ ቀን ሥራ የጀመሩ ዲስኮች የሚቆሙት በተቀራረበ ጊዜ መሆኑ ነው። ስለዚህ እዚያው ማሽን ውስጥ ሁለተኛ ዲስክ ላይ ገልብጦ «ሁለት ቅጂ አለኝ» ማለት ራስን ማታለል ነው።

ከእነዚህ ምሳሌዎች የምንማረው አፕዴት በራሱ ክፉም ደግም አለመሆኑን ነው። ቁም ነገሩ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ ምክንያት ሊኖር ይገባል፤ ማለትም አምራቹ «ይህን ስሕተት አርሜያለሁ» ብሎ የጻፈውን አንብቦ የኛን ዲስክ የሚመለከት መሆኑን ማረጋገጥ። ሁለተኛ ዝግጅት ሊኖር ይገባል፤ ማለትም አስቀድሞ ፋይሉን ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥና መብራት ቢሄድ ሥራው እንዳይቋረጥ ማድረግ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ ቻርጀሩ ይሰካ። ዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ ባይጀመር ይመረጣል።

አንድ የማውቀውን ነገር ልጨምር። ሁለተኛ ደረጃ በተማርኩበት ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት አፕዴት እየተደረገ ሳለ መብራት ሄደ። መብራቱ ሲመለስ ኮምፒዩተሩ የሚነሣበት ዲስክ እንዳጣ የሚገልጽ ጽሑፍ አሳየ። ወደ ጥገና ቤት ተወሰደ። ባለሙያው አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይመረምር «ዲስኩ ሞቷል» አለና ፎርማት አድርጎ፣ አዲስ ዊንዶውስ ጭኖ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሰደደው። ኮምፒዩተሩ መሥራቱን ሠራ። የሦስት ዓመት ሮስተር ግን አብሮ ጠፋ። መምህራኑ ከየተማሪው ካርድ ላይ ማርክ እየለቀሙ ከሁለት ሳምንት በላይ ደከሙ። ወደ ሌላ ክልል የሚዛወር ልጅ ትራንስክሪፕት ለማግኘት ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ አይቻለሁ።

እስቲ በሰከነ ልብ እናስበው። ያ ዲስክ እኮ ፎርማት ተቀብሏል! አዲስ ዊንዶውስም ተቀብሏል! የሞተ ዲስክ ፎርማት ይቀበላል እንዴ? ዲስኩ በሕይወት ነበር። ሮስተሩን ያጠፋው የመብራቱ መሄድ ሳይሆን ያለ ምርመራ የተሰጠው ፍርድ ነው ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

ታዲያ አፕዴት ሲሰናከል ቅደም ተከተሉ ምን መሆን አለበት? በእኔ አስተያየት እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ እጅን መሰብሰብ። ሥራው የቆመ ቢመስልም ቶሎ አለማጥፋት፤ ኮንትሮለሩ እየጻፈ ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ ዲስኩን «ፎርማት ላድርገው?» ወይም «እንደ አዲስ ላዘጋጀው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ አይሆንም ነው። ፋይሉ እስኪተርፍ ድረስ በዲስኩ ላይ ምንም ነገር አይጻፍበት።

ሁለተኛ፣ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት። «ሪስታርት» ማድረግ አይበቃም። በብዙ ዲስኮች አዲሱ ፈርምዌር ሥራ የሚጀምረው ኤሌክትሪኩ ከዲስኩ ጨርሶ ተቋርጦ ሲመለስ ነው። አጥፍቶ፣ ገመዱን ነቅሎ፣ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ማስነሣት። ከዚህ የተነሣ ብቻ የዳነ «ሬሳ» ጥቂት አይደለም።

ሦስተኛ፣ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ማየት። እዚህ ላይ ትንሽ ዘርዘር ማድረግ ያስፈልጋል፤ የምርመራው ዋና ቦታ ይህ ነውና። የምናየው ከሦስቱ አንዱን ነው።

ዲስኩ በትክክለኛ ስሙና በትክክለኛ መጠኑ ከታየ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ኮምፒዩተሩ የሚነሣበት ቅደም ተከተል ተለውጦ፣ ወይም ዲስኩ የሚገናኝበት ሁኔታ ከኤ ኤች ሲ አይ ወደ ሬይድ ተዛውሮ ሊሆን ይችላል። ቢትሎከር የተባለው መቆለፊያ ካለ ደግሞ የመልሶ ማግኛ ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል፤ ቁጥሩ አስቀድሞ ወረቀት ላይ ካልተጻፈ ጉድ ይፈላል።

ዲስኩ በማይታወቅ ስም ወይም በማይሆን መጠን ከታየ ኮንትሮለሩ በግማሽ ነቅቶ መመሪያውን ማንበብ አቅቶታል ማለት ሊሆን ይችላል። ፋይሰን የተባለው ኩባንያ ኤስ11 የተሰኘ ኮንትሮለር ያላቸው ዲስኮች እንዲህ ሲሆኑ የራሳቸውን ስም ትተው «ሳታፈርም ኤስ11» በሚል ስም ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ አንዳንድ የኢንቴል 320 ዲስኮች መብራት ድንገት ሲቋረጥባቸው መጠናቸው 8 ሜጋባይት ብቻ ሆኖ ይታይ ነበር፤ ኩባንያው በዚያው ዓመት ማረሚያ አውጥቶለታል። በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ዲስክ ለባለሙያ እንጂ ለሙከራ አይሰጥም።

ዲስኩ ጨርሶ ካልታየ ፍርዱ ገና ነው። ኬብሉን መለወጥ፣ ሌላ ቀዳዳ ላይ መሰካት፣ በሌላ ኮምፒዩተር መሞከር። በዩኤስቢ ማገናኛ የተሰካ ከሆነ ከዚያ አውጥቶ በቀጥታ ማገናኘት፤ ብዙዎቹ ማገናኛዎች የፈርምዌር ትእዛዝ አያሳልፉም። አፕዴቱ መጀመሪያውኑ ያልተሳካው በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፣ ዲስኩ ከተከፈተ በመጀመሪያ መገልበጥ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ አፕዴቱን እንደገና መሞከር። ብዙ ሰው ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። ከመሞከርም በፊት የፈርምዌሩን ቁጥር ማንበብ ደግ ነው፤ «አልተሳካም» የሚል ጽሑፍ ወጥቶ ቁጥሩ ግን አዲሱ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ከዊንዶውስ ውስጥ እምቢ ካለ አንዳንድ አምራቾች በፍላሽ የሚነሣ ማደሻ ያዘጋጃሉ። ኤን ቪ ኤም ኢ በሚባለው ዓይነት ዲስክ ደግሞ ሕጉ እስከ 7 የፈርምዌር ማስቀመጫ ቦታ ስለሚፈቅድ፣ ዲስኩ ከአንድ በላይ ካለውና አሮጌው ካልተነካ ወደ እሱ መመለስ ይቻል ይሆናል። የሌላ ሞዴል ፈርምዌር ግን «ይመሳሰላል» ተብሎ ፈጽሞ አይጫንም።

አምስተኛ፣ ይህ ሁሉ ካልሠራ ዋስትናውን መጠየቅ። አምራቹ የሚተካው ግን ዲስኩን ነው፤ ማርኩን አይተካም። «ዲስክ አስነሣለሁ» የሚሉ ፕሮግራሞች ብዙውን ጊዜ ዲስኩን የሚያስነሡት ያለውን ሁሉ አጥፍተው ነው። «ቺፑን ነቅሎ ማንበብ ይቻላል» የሚልም አለ። ዛሬ ብዙዎቹ ዲስኮች ጽሑፉን በኮንትሮለሩ ውስጥ በምስጢር ቁልፍ ለውጠው ስለሚያስቀምጡ ያለ ኮንትሮለሩ ቺፑ ብቻውን ትርጉም የለሽ ቁጥር ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «እኛ መምህር ልንሆን ነው እንጂ ጠጋኝ ልንሆን ነው እንዴ?» ይሉኛል። ጥያቄው አግባብ አለው። መልሴ ግን ይህ ነው። ነገ የምንመደብበት ገጠር ትምህርት ቤት ጠጋኝ አይኖርም፤ ኮምፒዩተሩ ሲቆም ሁሉም ዞሮ የሚያየው አዲሱን መምህር ነው። ደግሞም ከላይ የዘረዘርኩት በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ከምናስተምረው የተለየ አይደለም፤ አይቶ መመዝገብ፣ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ ውጤቱን አይቶ ወደሚቀጥለው ማለፍ። ኬብሉንም፣ ባዮሱንም፣ ፈርምዌሩንም በአንዴ የለወጠ ሰው ዲስኩ ቢነሣለት እንኳ ምን እንዳስነሣው አያውቅም። በመጀመሪያው ወር ፈተና ስለወደቀ ብቻ «ይሄ ልጅ አይገባውም» ተብሎ የተተወ ተማሪም ያለ ምርመራ «ሞቷል» እንደተባለው ዲስክ ነው። መምህር ከፍርድ በፊት መመርመርን ካልለመደ ማን ይልመድ?

በመጨረሻም ለተቋማችን የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ።

1ኛ/ በኮምፒዩተር ክፍላችን አንድ ደብተር ይቀመጥ፤ የእያንዳንዱ ማሽን ዲስክ ሞዴል፣ የፈርምዌሩ ቁጥርና የታደሰበት ቀን ይጻፍበት።

2ኛ/ ዘወትር ዓርብ ከሰዓት በኋላ የማርክና የዕቅድ ፋይሎች ከማሽኑ ውጭ ወደሚቀመጥ ሌላ ዲስክ ይገልበጡ፤ ተረኛውም ይፈርም።

3ኛ/ ማንም ሰው፣ ጥገና ቤትም ቢሆን፣ ከላይ ያሉት ደረጃዎች መሞከራቸው ሳይመዘገብ የተቋሙን ዲስክ ፎርማት እንዳያደርግ ይወሰን።

ይህን ለማድረግ አንድ ደብተር፣ አንድ ተጨማሪ ዲስክና በሳምንት አንድ ሰዓት ይበቃል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ከዚህ የተለየ አስተያየት ያለው እጩ መምህር ጽፎ ከዚህ ጽሑፍ ጎን ቢለጥፍ በደስታ አነባለሁ፤ መልስም እሰጣለሁ።