ድንበር የተሻገረው ጀሪካን

በ2017 ዓ.ም. የገና ሰሞን አዲስ አበባ ላይ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። በዚያው ሰሞን ናይሮቢ ላይ ሊትሩ 176 ሺሊንግ ነበር። ብርና ሺሊንግ ያኔ በባንክ ምንዛሪ እኩል ለእኩል ሊባሉ ጥቂት ነው የቀራቸው፤ ስለዚህ በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ላይ ባለችው ሞያሌ ሒሳቡን ለመሥራት ስልክ ማውጣት አያስፈልግም። ልዩነቱ በሊትር 75 ብር ያህል፣ በሃያ ሊትር ጀሪካን 1,500 ብር ነው። ያውም ኬንያ በየወሩ የነዳጅ ዋጋ የምታወጣው የማጓጓዣውን እየጨመረች፣ ከተማ በከተማ ለይታ ነው። ከሞምባሳ ወደብ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቀው የኬንያዋ ሞያሌ ከናይሮቢም የበለጠ ትከፍላለች።

ዋጋው ከዚያ ወዲህ ተለዋውጧል። ልዩነት እስካለ ድረስ ግን ከማዶ ያለው ሰው “ተሻግሬ ብቀዳ ያዋጣኛል?”፣ ከወዲህ ያለውም “ባሻግርለት ያዋጣኛል?” ማለቱ አይቀርም። ሁለቱንም በክፋት አልፈርጃቸውም። ሞያሌ ላይ ድንበሩ በዘመዳሞች መሀል ነው የሚያልፈው፤ ቦረናውም ገሪውም ቡርጂውም በሁለቱም በኩል ወገን አለው፤ ሸቀጥም ከብትም ሲሻገር የኖረ ነው። ነዳጅ ከሌላው ለምን ይለያል ለሚል፣ ያ 75 ብር ከየት እንደመጣ ማየት ይበቃል።

አንዱ ክፍል ከእኛ ኪስ የወጣ ነው። ኢትዮጵያ ነዳጇን በዶላር ገዝታ በጅቡቲ ወደብ ታስገባለች፤ በቦቴ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ከዚያ እስከ ሞያሌ ሌላ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። መንግሥት ይህን ነዳጅ ለዓመታት ከገዛበት በታች ሲሸጥ ቆይቶ ጉድለቱ በዋጋ ማረጋጊያ ፈንዱ ላይ ዕዳ ሆኖ ተከመረ። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ድጎማው በደረጃ እንዲነሳና ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ተለይቶ እንዲሰጥ ተወሰነ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ግን ዶላሩ ሸሸ፤ የማደያው ዋጋም እግር በእግር ሊከተለው አልቻለም። ሌላው ክፍል የጎረቤታችን ነው። ኬንያ በነዳጅ ላይ የምትጥለውን የተጨማሪ እሴት ታክስ በ2023 እ.ኤ.አ. ከ8 ወደ 16 በመቶ አሳድጋለች፤ ለመንገድ ጥገና የምትሰበስበውንም በ2024 ከሊትር 18 ሺሊንግ ወደ 25 ከፍ አድርጋለች። እንግዲህ ጀሪካኑ ሲሻገር ከእኛ ዶላር፣ ከእነሱ የመንገድ ገንዘብ ይዞ ይሄዳል።

ከዚህ ሁሉ ለተሻጋሪው የሚደርሰው ስንት ነው? ጀሪካን ያንጠለጠለ ሰው በማደያ ዋጋ አያገኝም። ለቀጂው የሚሰጥ አለ፤ ሰልፍ ለያዘው፣ ለደላላው፣ ለሞተረኛው፣ አንዳንዴም ዓይኑን ለሚጨፍን ተቆጣጣሪ። ክፍያው ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በዲጂታል መንገድ መሆኑ መንገዱን አጠበበው እንጂ አልዘጋውም፤ የተከፈለበት ሰሌዳ የአንድ የቆመ መኪና፣ የሚሞላው ግን ጀሪካን ሊሆን ይችላል። ማዶ ሲደርስ ለገዢው የሚተርፈው ቅናሽ ጥቂት ነው፤ እሱም ነጭ ጋዝ ወይም ውኃ ካልገባበት ነው። የተበረዘ ቤንዚን ሞተር ካበላሸ በኋላ የትርፍ ወሬ የለም።

ወዲህ በኩል ያለውን ማየት የሚሻ ቦቴ በገባ ማግስት ማደያ አጠገብ ይቁም። ቢጫ ጀሪካኖች አፋቸው ተከፍቶ ተደርድረዋል፤ የቀጂው እጅ ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሳል። ከንጋት ጀምረው የተሰለፉት የባጃጅ ሾፌሮች ከገዛ ባጃጃቸው ጥላ ሥር ቁጢጥ ብለዋል። ከሰዓት “ቤንዚን የለም” የሚል ካርቶን ይሰቀላል። ጥቂት ፈቀቅ ሲሉ ያው ቤንዚን በሃይላንድ ተሞልቶ ድንጋይ ላይ ተደርድሯል፤ ዋጋው ወደ ማዶው ተጠግቷል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚቆረቁረኝ ይህ ነው፦ ድጎማው በስሙ የተከፈለለት የባጃጅ ሾፌር የኬንያን ዋጋ እዚሁ አገሩ ላይ ይከፍላል። ተሳፋሪውም አብሮት ይከፍላል። ናፍጣው ሲጠፋ ደግሞ ነገሩ ከታሪፍ ያልፋል፤ ቦረና ውስጥ በናፍጣ ጄኔሬተር ውኃ የሚሳብባቸው ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ። አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከከዳበት ከዚያ ድርቅ በኋላ፣ ጄኔሬተር ቆመ ማለት ለአርብቶ አደር ምን ማለት እንደሆነ ለአካባቢው ሰው አላስረዳም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። የናይጄሪያ የተደጎመ ቤንዚን ለዘመናት ወደ ቤኒን ሲሻገር በየመንገዱ በጠርሙስ ተቸርችሮ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኖ ነበር። ፕሬዚዳንት ቦላ ቲኑቡ በግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. ሥልጣን በያዙበት ቀን ድጎማው አበቃ ሲሉ የናይጄሪያ ማደያዎች ዋጋ ከእጥፍ በላይ ዘለለ፤ የቤኒን የጠርሙስ ቤንዚን ወዲያው ተወደደ፣ ደንበኛውም ወደ ማደያ መመለስ ጀመረ። ዘበኛ ሲያሳድደው የኖረውን ንግድ የዋጋ ለውጥ በቀናት አዳከመው። ፈጽሞ ግን አልሞተም፤ በዚያው ዓመት መስከረም በድንበር ከተማዋ ሰሜ ክራኬ የኮንትሮባንድ ቤንዚን የተከማቸበት መጋዘን ተቃጥሎ ቢያንስ 34 ሰዎች አለቁ። ሞያሌ ውስጥ ከመኝታ ክፍል አጠገብ ጀሪካን የምታስቀምጡ እናቶችና አባቶች፣ እባካችሁ ይህን አስቡ። ከሰል የሚቀጣጠልበት ግቢ ውስጥ ቤንዚን አይቀመጥም።

ስለዚህ መጀመሪያ የምለምነው የማደያ ባለቤቶችን ነው። አንድ ጀሪካን በሞተር የሚያሻግረውን ወጣት ሁሉም ያያል፤ በሌሊት የሚቀዳውን በርሜል ግን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ከማደያ ውጭ የሚቸረቸር ነዳጅ ሁሉ አንድ ጊዜ በእናንተ እጅ አልፏል፤ ካልሆነም ቦቴው ከመድረሱ በፊት መንገድ ላይ ተራግፏል። የቦቴ አሽከርካሪዎች፣ ይህ ለእናንተም ነው። ሳልባትዮ አሳድጋችሁ ማዶ እየገለበጣችሁ የምትመለሱ የጭነት መኪና ሾፌሮችም ለመንገዳችሁ የሚበቃችሁን ቅዱ፤ ማንም አይከለክላችሁም። ከማዶ ያላችሁ ዘመዶቻችንም “በርካሽ አምጣልኝ” ብላችሁ የእህታችሁን ልጅ ኬላ ላይ አታስይዙት።

መንግሥትም ተመልካች ሆኖ አይቀመጥ። ልዩነቱን የፈጠረው ፖሊሲ ነው፤ ፖሊሲ የከፈተውን በር በፌዴራል ፖሊስ ብቻ መዝጋት አይቻልም። እኔ ድጎማው ቀስ በቀስ ተነሥቶ እገዛው ለባጃጁ፣ ለሚኒባሱና ለውኃ ጄኔሬተሩ በቀጥታ ቢደርስ እመርጣለሁ፤ ኑሮው እንደሚከብድ ባውቅም። እስከዚያው ግን ሥራ የሌለውን የድንበር ወጣት ከጀሪካን በቀር ሌላ ነገር ሳያሳዩት “ተው” ማለት ከንቱ ነው። ሁለቱ አገሮች በ2013 ዓ.ም. የጋራ ኬላ መርቀው ከፍተዋል፤ አነስተኛ ሕጋዊ ንግድ በዚያ በኩል እንዲቀልለት ይደረግ።

እኛ የሞያሌ ነዋሪዎች ደግሞ ትእዛዝ ሳንጠብቅ የምንጀምረው አለን። ቦቴ በገባ ቀን ስንት ሊትር እንደተራገፈ በማደያው በር ላይ በጉልህ ይጻፍ። የባጃጅ ማኅበሩ፣ ቀበሌውና ንግድ ጽሕፈት ቤቱ ሽያጩን የሚከታተል አንዳንድ ሰው ያቁሙ። በከተማው ስንት ባጃጅ፣ ስንት ሞተር እንዳለ ይታወቃል፤ በቀን ስንት እንደሚጠጡም ሾፌሮቹ በቃላቸው ያውቁታል። 40 ሺህ ሊትር ገብቶ በማግስቱ ካርቶኑ ከተሰቀለ፣ ባለቤቱ ባለበት፣ በዚያው ቀን፣ የት እንደገባ ይጠየቅ።