ለሐኪሙም ለንስሐ አባቱም ያልተነገረ ጾም

ሃምሳ አምስቱን ቀን በጾምና በጸሎት ያሳለፉ ምእመናን እነሆ ለብርሃነ ትንሣኤው በዓል ደርሰዋል። በየቤቱ ዶሮው ተሠርቷል፤ ድፎ ዳቦው ተጋግሯል፤ ጠላው ተጠምቋል። በዚህ የደስታ ዕለት ስለ በሽታ ማውሳት ለአንዳንድ አንባቢ ያለ ጊዜው የመጣ ወግ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በየማዕዱ ዙሪያ ከሚቀመጡት ወገኖቻችን መካከል የጾሙም የፍስኩም ወራት እኩል የሚያስጨንቋቸው አሉና፣ ስለ እነርሱ ጥቂት መናገር ከበዓሉ መንፈስ የራቀ አይደለም። እነርሱም የስኳር ሕመምተኞች ናቸው።

የፋሲካና የዚህ በሽታ ነገር ሲነሣ ብዙዎቻችን የማንረሳው አንድ ዕለት አለ። የትንሣኤ በዓል ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በዋለበት ዓመት፣ ለረጅም ጊዜ በስኳር በሽታ ሲሠቃይ የኖረው ዝነኛው ድምፃዊ ጥላሁን ገሠሠ በዚያው በበዓሉ ቀን አረፈ። እኔ በነበርኩበት ቤት የተዘረጋው ማዕድ ሳይነሣ የዘፈኑ ወግ ወደ በሽታው ወግ ዞረ። አንዱ ስለ መድኃኒት፣ ሌላው ስለ ጸበል፣ ሦስተኛው ስለ ሐኪሞች የሰማውን ሲያወራ ዋለ። በመጨረሻም አንድ ሽማግሌ፣ "ለመሆኑ ሐኪም የሚለውን ሁሉ ማመን ይገባል ወይ?" ሲሉ ጠየቁ። ለጥያቄው የረባ መልስ የሰጠ ሰው አልነበረም።

እኔ ለዚያ ጥያቄ መልስ ማግኘት የጀመርኩት ከዓመታት በኋላ፣ በምኖርበት በኦሎምፒያ ሠፈር ነው። ከጎረቤቶቼ አንዷ የሆኑ እናት አሉ። ዕድሜያቸው ስድሳን ያለፈ፣ በሽታው ከተገኘባቸው ዐሥራ ሁለት ዓመት የሆናቸው፣ ጧትና ማታ ኢንሱሊን የሚወጉ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በቀዳም ሥዑር ጧት፣ ካህናት ቄጠማውን በሚያድሉበት ሰዓት፣ እኚህ እናት ከአልጋቸው መነሣት አቃታቸው። ላብ አጥምቋቸዋል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ የልጅ ልጃቸውን በሌላ ሰው ስም ይጠሩታል። ልጁ አስተዋይ ስለነበረ ጣታቸውን ወግቶ ደማቸውን በመለኪያው አየ። ከ70 በታች መውረድ የሌለበት ስኳር 41 ሆኖ አገኘው። መዋጥ ይችሉ ስለነበር ስኳር በውኃ በጥብጦ አጠጣቸውና ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው።

በኋላ እንደተረዳነው፣ እኚህ እናት አክፋይ ነበሩ። ከስቅለት ዋዜማ ጀምሮ እህል አልቀመሱም፤ መርፌውን ግን እንደ ወትሮው ተወግተዋል። ኢንሱሊን በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ወደ ሰውነት ክፍሎች የሚያስገባ ነው። ምግብ ካልተበላ ግን የሚያስገባው ስኳር እያነሰ ስለሚሄድ፣ መርፌው ያለውን አሟጦ አንጎልን ያለ ምግብ ያስቀረዋል። የደረሰባቸውም ይኸው ነው።

ሲሻላቸው ጠየቅኋቸው።

"እትዬ፣ እንደሚያከፍሉ ለሐኪሙ ነግረውት ነበር?"

"ምን ብዬ ልንገረው? ይቆጣኛላ!"

"ለንስሐ አባትዎስ?"

"እርሳቸውማ 'እንዳትጾሚ' ይሉኛል።"

"ሐኪሙ ራሱ ስለ ጾም ጠይቆዎት አያውቅም?"

ጥቂት አሰቡና፣ "ልጄ፣ አዘዘኝ እንጂ አልጠየቀኝም" አሉ።

የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ያለው በዚህች አጭር መልስ ውስጥ ይመስለኛል። በስኳር ሕመምተኛና በሐኪሙ መካከል ያለው መተማመን የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ በዕውቀት ማነስ አይደለም። የሚፈርሰው አንዱ ባለመጠየቁ፣ ሌላው ደግሞ ባለመናገሩ ነው።

ሕመምተኞች በሐኪሞች ላይ የሚያሰሙት ወቀሳ ከንቱ ነው ማለት አይቻልም። በመንግሥት ሐኪም ቤት ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ የዋለ ሰው ከሐኪሙ ፊት የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። በቀጠሮው ሲመለስ የሚጠብቀው ሌላ ሐኪም ነው፤ ያም የፊተኛው ያዘዘውን ይለውጣል። በግል ክሊኒክ በኩል ደግሞ የገንዘብ ጥርጣሬ አለ። እኔ ራሴ አንድ ዘመዴን ይዤ ከሄድኩበት ክሊኒክ፣ በሳምንቱ ውስጥ ተመርምሮ ውጤቱን በእጁ የያዘውን ምርመራ እንደገና እንዲከፍልበት ታዟል። ለምን ብለን ብንጠይቅ መልስ የሰጠን አልነበረም። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ቢጠራጠር ምን ይፈረድበታል?

ጥርጣሬው ግን እዚህ ላይ አይቆምም፤ ወሬ ይወልዳል። "ኢንሱሊን ከጀመርክ አበቃልህ"፣ "መርፌው ዓይን ያጠፋል" የሚለው አነጋገር በየሠፈሩ ይሰማል። እንዲህ የሚባልበት ምክንያትም ለማስተዋል አያስቸግርም። ብዙ ሰው መርፌውን ፈርቶ ለዓመታት ሲሸሽ ይቆይና፣ ስኳሩ የዓይኑን ጥቃቅን የደም ሥሮች ከጎዳ በኋላ ኢንሱሊን ይጀምራል። ብዙም ሳይቆይ ዓይኑ ሲደክም ጎረቤቱ የሚያየው መርፌውን ነው፤ ለዓመታት ሲጎዳው የኖረው ስኳር ግን አይታየውም።

ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት የነበረውን ዘመን ማስታወስ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በዚያን ጊዜ ሰውነቱ ኢንሱሊን ማመንጨት ያቆመ ልጅ ከሞት የሚያመልጥበት መንገድ አልነበረውም። በቶሮንቶ ከተማ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት እ.ኤ.አ. በ1921 ምርምሩን ጀመሩ፤ በጥር ወር 1922 መድኃኒቱ ሊዮናርድ ቶምፕሰን ለተባለ የ14 ዓመት ልጅ ተሰጠና ልጁ ከሞት አፋፍ ተመለሰ። ባንቲንግ በግኝቱ ባለመብትነት ላይ ስሙ እንዲሰፍር አልፈለገም፤ ቤስትና ባልደረባው ኮሊፕም መብቱን ለዩኒቨርሲቲው እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር ሰጡ። ሕክምና ገንዘብ ብቻ ነው ለሚሉ ወገኖች ይህ ታሪክ ሊነገራቸው ይገባል። ዛሬ የመድኃኒቱ ዋጋ በብዙ አገር ድኻውን የሚያስጨንቅ መሆኑ ደግሞ ሌላው የታሪኩ ገጽ ነው።

ታዲያ ሕመምተኛው ማንን ይመን? እንደ እኔ አስተያየት የስኳር ሕመምተኛ በጭፍን እንዲያምን የሚገደድ ሰው አይደለም። ይህ በሽታ የሐኪሙን ቃል በቤት ውስጥ መመዘን የሚያስችል መለኪያ አለው። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም የዕለቱን ስኳር ማወቅ ይቻላል፤ ኤ ዋን ሲ በሚባለው ምርመራም ያለፉት ሦስት ወራት ገደማ አማካይ ይታወቃል። የታዘዘው መድኃኒትና ምግብ እየሠራ መሆን አለመሆኑን ቁጥሩ ይናገራል። ሕመምተኛው ቁጥሩን በደብተር እየጻፈ ቢሄድ፣ ሐኪሙ ሲለወጥ እንኳ ታሪኩ አብሮት ይኖራል።

ሐኪሙንም በሥራው መመዘን ይቻላል። መድኃኒቱን ለምን እንደለወጠ ያስረዳል ወይ? ጫማና ካልሲ አስወልቆ እግርን ያያል ወይ? በዓመት አንድ ጊዜ ዓይንና ኩላሊት እንዲመረመሩ ያዛል ወይ? ስኳር ድንገት ሲወርድ ምን መደረግ እንዳለበት ለቤተሰብ አስተምሯል ወይ? ምን እንደሚበላና እንደሚጾም ይጠይቃል ወይ? ይህን የሚያደርግ ሐኪም ሊታመን ይገባዋል። የማያደርገውንም ሕመምተኛው በትሕትና ሊጠይቀው መብቱ ነው፤ ሐኪምን መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ይሁንና መተማመን በአንድ ወገን ብቻ አይቆምም። መርፌውን እያቋረጠ "አላቋረጥኩም" የሚል ሕመምተኛ ሐኪሙን ያሳስተዋል። ሐኪሙ ስኳሩ ከፍ ማለቱን ሲያይ መድኃኒቱ አንሷል ብሎ መጠኑን ይጨምራል። ሕመምተኛው ደግሞ አንድ ቀን ደንግጦ የታዘዘለትን በሙሉ ሲወስድ ስኳሩ ያሽቆለቁልና ይወድቃል። ያን ጊዜ "ሐኪሙ ሊገድለኝ ነበር" ይላል። ነገር ግን ሐኪሙ ያከመው የተነገረውን ሰው ነበር፤ እውነተኛው ሰው በቤቱ ተደብቆ ቀርቷል።

ምእመኑ እውነቱን እንዲደብቅ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ሃይማኖቱን የሚጻረር ትእዛዝ ይመጣብኛል የሚል ፍርሃት ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት ግን ለዚህ ፍርሃት ቦታ አልሰጠም። ፍትሐ ነገሥት ጾምን ሲደነግግ ድውዩን ከጤነኛው ለይቶ ይመለከታል። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪም እንዲከበር፣ ጸሎትም ሕክምናም እንዳይተው ያስተምራል። ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበር። በቅርቡ ዘመንም፣ በ1999 ዓ.ም. ብዙ የኤች አይ ቪ ሕሙማን በእንጦጦ ጸበል ይጠመቁ በነበረበት ጊዜ፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይቃረኑ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደሆኑ በይፋ አስታውቀዋል። ለኤች አይ ቪ የተባለው ለስኳርም ይሠራል። በተለይ ሰውነታቸው ኢንሱሊን ጨርሶ የማያመነጭ ወገኖች ጸበል ሲገቡ መርፌውን ቢያቋርጡ በቀናት ውስጥ ለሞት ሊዳረጉ ይችላሉ።

ጾምና የስኳር ሕክምና አብረው ሊታሰቡ እንደሚችሉ ሌሎችም አሳይተዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ከሌሎች ጋር በመሆን የረመዳንን ጾም ለሚጾሙ ሕመምተኞች የሕክምና መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 አውጥቷል፤ በ2021ም አሻሽሎታል። መመሪያው ማን ሊጾም እንደሚችል፣ ማንስ ሊተው እንደሚገባው በሕመሙ ክብደት ይለያል፤ ሐኪሙም ከጾሙ በፊት ከሕመምተኛው ጋር እንዲመክር ያሳስባል። የእኛም አጽዋማት በዚያው ልክ መታሰብ ይገባቸዋል። የእኛ ጾም ከጥሉላት መከልከል ብቻ ሳይሆን እስከ ቀትርና ከዚያም በላይ መቆየት አለው። የጾሙ ገበታም እንጀራ፣ ዳቦና ድንች የሚበዛበት በመሆኑ፣ "የጾም ምግብ ስኳር አያመጣም" ማለት ስሕተት ነው።

ስለዚህ ሐኪሞቻችንን የምንለምናቸው ነገር ብዙ አይደለም። ከመከልከላቸው በፊት ይጠይቁ። "እማማ፣ ይጾማሉ? እስከ ስንት ሰዓት ይቆያሉ?" ብሎ መጠየቅ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ የሚያድነው ግን ሕይወት ነው። የንስሐ አባቶችም ልጃቸው መድኃኒት የሚወስድ መሆን አለመሆኑን ቢጠይቁ፣ ሕሙሙ ከእህል መከልከል ሲያቅተው በጸሎትና በምጽዋት መጽናት እንደሚችል ቢያስረዱ፣ በስውር ከሚጾም አደገኛ ጾም ይታደጉታል።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። በዛሬው ማዕድ "በሞቴ" እያሉ በስኳር ሕመምተኛ አፍ ጉርሻ መደራረብ፣ ጠጁን "ለዛሬ ብቻ" ብሎ መቅዳት ፍቅር አይሆንም። ከዶሮው መጠነኛ፣ ከእንጀራው ጥቂት ሰጥቶ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ማስታወስ ይበልጣል። ላብ ሲያጠምቀው፣ ሲንቀጠቀጥ ወይም ነገር ሲምታታበት መዋጥ የሚችል ከሆነ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መስጠት፣ ከሩብ ሰዓት በኋላም መለካት ያስፈልጋል። ራሱን የሳተን ሰው ግን ምንም ሳያጠጡ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው።

የኦሎምፒያዋ እናት በማግሥቱ ዓመት ዐቢይ ጾም ሳይገባ ደብተራቸውን ይዘው ወደ ሐኪማቸው ሄዱ። "ተቆጣኝም አልተቆጣኝም እነግረዋለሁ" ብለው ነበር። ሐኪሙ አልተቆጣም፤ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ሰማቸው። አክፍሎቱን አጥብቆ ከለከላቸው፤ ቁርሳቸውን በሰዓቱ እየበሉ ከጥሉላት መከልከል እንደሚችሉ ነግሮ የመርፌውን መጠን አስተካከለላቸው። ንስሐ አባታቸውም ፈቃድና በረከት ሰጧቸው። በዚያ ዓመት ቀዳም ሥዑር ቄጠማቸውን በራሳቸው ላይ አስረው በደጃፋቸው ቆመው አገኘኋቸው።

"አሁንስ ሐኪሙን አመኑት?" አልኳቸው።

"እርሱም አመነኝ" አሉ።

ለዚያ ሽማግሌ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። መልካም የትንሣኤ በዓል ይሁንላችሁ።